የሬይኒየር ደ ግራፍ ሕይወትና የቢጫው አካል ምሥጢር

የሰው ሥራ በዕድሜው ርዝመት አይለካም። ሰማንያና ዘጠና ዓመት ኖሮ ስሙ ከመቃብሩ አፈር ጋር የሚረሳ ብዙ ሰው አለ፤ በአንጻሩ ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለብዙ ትውልድ የሚተርፍ ሥራ ሠርቶ የሚያልፍ አለ። ሆላንዳዊው ሐኪም ሬይኒየር ደ ግራፍ ከነዚህ ከኋለኞቹ ወገን የሚቈጠር ነው። በዚህ ዓለም የኖረው 32 ዓመት ብቻ ሲሆን፥ ስሙ ግን ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዛሬም በየሕክምናው ትምህርት ቤት ይነሣል። በሴቲቱ እንቁላል ዕጢ ውስጥ እንቁላልን አቅፎ የሚያሳድገው፥ በፈሳሽ የተመላው ትንሽ ከረጢት በእርሱ ስም የግራፍ ከረጢት ተብሎ ይጠራልና።

የዚህ ሰው ታሪክ ለመምህር ልዩ ጥቅም አለው። ያገኘው ነገር የሚያስተምረውን ያህል የተሳሳተበትም ነገር ያስተምራል። ከሁሉም ይልቅ ግን ትርጕሙን ሙሉ በሙሉ ሳያውቅ በታማኝነት ቈጥሮ የመዘገበው አንድ ምልክት፥ ከ200 ዓመት በኋላ ለመጡት ሊቃውንት መንገድ ሆኖ መገኘቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ትውልዱና ትምህርቱ

ደ ግራፍ ጁላይ 30 ቀን 1641 ስኾንሆፈን በምትባል፥ በብር ሠሪዎቿ በታወቀች አነስተኛ የሆላንድ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ ነበረ። በዚያ ዘመን ሆላንድ ከእስፓኝ አገዛዝ ለመላቀቅ ለብዙ ዓመታት ስትዋጋ የቈየች አገር ስትሆን፥ የመንግሥቱን ሥራ የያዙት የፕሮቴስታንት ሃይማኖት ተከታዮች ነበሩ። ካቶሊኮች በየቤታቸው ቢጸልዩ በዝምታ ይታለፋሉ እንጂ፥ የመንግሥት ሹመትም ሆነ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ለማግኘት በሩ የተዘጋባቸው ነበሩ። ይህ ነገር ኋላ በደ ግራፍ ዕድል ላይ ጥላውን ጥሎበታል።

ወጣቱ የሕክምናን ትምህርት በኡትሬክትና በላይደን ተማረ። የላይደን ዩኒቨርሲቲ በዚያን ጊዜ በመላው ኤውሮፓ ስሙ የተጠራ ነበረ። ፍራንሲስኩስ ሲልቪዩስ የተባለው ዝነኛ መምህር ተማሪዎቹን ከመጽሐፍ ብቻ አያስተምርም ነበር፤ በሽተኛው ከተኛበት አልጋ አጠገብ አቁሞ እየጠየቀና እያስመለሰ ያስተምራቸው ነበር። የሰውነት ክፍሎችን ትምህርት ደግሞ ዮሐንስ ቫን ሆርነ ይሰጥ ነበር። በነዚያ ዓመታት በላይደን ከተሰበሰቡት ወጣቶች መካከል ደ ግራፍ፥ ያን ስዋመርዳምና ዴንማርካዊው ኒልስ ስቴኖ ይገኙ ነበር። የአንድ ዘመን ተማሪዎች የነበሩት እነዚህ ሰዎች ኋላ በአንድ ጥያቄ ላይ ተገናኝተው፥ ሁለቱ እስከ መራራ ጠብ ደረሱ።

ደ ግራፍ ገና በ23 ዓመቱ፥ በ1664፥ ቆሽት ስለሚያመነጨው ፈሳሽ ጽሑፍ አሳተመ። ከዚያ በፊት ይህን ፈሳሽ ከሕያው እንስሳ ለይቶ ለማውጣት የቻለ አልነበረም። እርሱ ግን ከዱር ዳክዬ ላባ የተቈረጠ ቀጭን ቀሰም በውሻ ቆሽት ቧንቧ ውስጥ አስገብቶ፥ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ በትንሽ ጠርሙስ አጠራቀመ። ይህ ሥራ ማደንዘዣ በማይታወቅበት ዘመን የተደረገ ስለ ሆነ ዛሬ ቢሆን የሚፈቀድ አይደለም፤ ለጊዜው ግን የእጁን ብልኀት ያስመሰከረለት ሥራ ነበር።

ነገር ግን በዚሁ ሥራ ውስጥ አንድ ስሕተት አለ። መምህሩ ሲልቪዩስ የምግብ መፈጨት የሚሆነው ኮምጣጣ ነገርና የአመድ ውኃን የሚመስል አልካሊ ሲጋጠሙ ነው እያለ ያስተምር ነበር። እንደዚህ ትምህርት ከሆነ የቆሽት ፈሳሽ ኮምጣጣ መሆን ይገባዋል። ደ ግራፍም ፈሳሹን ቀምሶ ኮምጣጣ ነው ሲል ጻፈ። እውነቱ ግን የቆሽት ፈሳሽ አልካሊ መሆኑ ነው። ቀሰሙን በትክክል ያስገባው እጅ የራሱ ነበረ፤ ጣዕሙን የፈረደው ምላስ ግን የመምህሩን ትምህርት ይዞ የቀመሰ ነበር። ተማሪው መምህሩን ሲያከብር ዓይኑንና ምላሱን አብሮ እንዳያስረክብ መጠንቀቅ የመምህሩም ግዴታ መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተጕዞ በ1665 በአንዤ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ወደ አገሩ ተመልሶም በዴልፍት ከተማ ሐኪም ሆኖ መኖር ጀመረ። ወንበር የሌለው፥ ደመወዝ የማይቈረጥለት፥ በሽተኛ እያከመ በሚያገኘው ገንዘብ የሚኖር ሰው ነበር። የምርምሩን ሥራ የሚሠራው ከዚህ በተረፈው ጊዜ ነው። የደም ሥሮችን በቀለም ፈሳሽ ሞልቶ ለመመርመር የሚያገለግል የመርፌ መሣሪያ ራሱ አዘጋጀ፤ ስለ አጠቃቀሙም ጽፎ በ1668 የወንድን የመራቢያ ክፍሎች ከሚመለከተው መጽሐፉ ጋር አሳተመው።

የጥንቸሎቹ ምርመራ

በዚያ ዘመን ሊቃውንትን እጅግ ያከራከረው ጥያቄ፥ ሕያው ፍጥረት ከምን ይጀምራል የሚለው ነበር። የጥንቱ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ሴቲቱ የምታዋጣው ደሟን ብቻ ሲሆን፥ ቅርጽ ሰጪው የወንዱ ዘር ነው ይል ነበር። ጋሌን ደግሞ ሴቲቱም የራሷ ዘር አላት፤ ይህንም የሚያመነጩት በማኅፀኗ ግራና ቀኝ የሚገኙት ሁለት ፍሬዎች ናቸው ብሎ አስተማረ። እነዚህ ፍሬዎች ዛሬ እንቁላል ዕጢ የምንላቸው ሲሆኑ፥ እስከ ደ ግራፍ ዘመን ድረስ የሴት ቈለጥ ይባሉ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በ1651 ባሳተመው መጽሐፍ ሕያው ሁሉ ከእንቁላል እንደሚገኝ አስታወቀ፤ ይሁን እንጂ ከንጉሡ አደን የመጡትን አጋዘኖች ቢመረምር እንቁላሉን አላገኘውም፤ የሴቲቱ ፍሬዎችም በዚህ ሥራ ድርሻ የላቸውም ወደ ማለት ደረሰ።

ደ ግራፍ ጥያቄውን በክርክር ሊፈታ አልሞከረም። ጥንቸሎችን መረጠ። ጥንቸል በአንድ ጊዜ ብዙ ልጆች የምትወልድ፥ የእርግዝናዋም ጊዜ አንድ ወር ያህል ብቻ የሆነ እንስሳ ናት፤ ከወንድ ጋር የተገናኘችበትን ሰዓትም በትክክል ማወቅ ይቻላል። ስለዚህ ብዙ እንስት ጥንቸሎችን ከወንድ ጋር ካገናኘ በኋላ አንዷን በግማሽ ሰዓት፥ ሌላዋን በስድስት ሰዓት፥ ሌላዋን በአንድ ቀን፥ ሌሎቹንም ተራ በተራ እስከ 29ኛው ቀን ድረስ እየከፈተ ተመለከተ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ለማንም ተማሪ ሊገባ የሚችል ነው። አንድን ነገር ሲለወጥ ለማየት የሚሻ ሰው በተለያየ ሰዓት ማየት አለበት።

ያየውም ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በእንቁላል ዕጢው ላይ ያሉት ጥርት ያሉ ከረጢቶች መልካቸውን ይለውጣሉ፤ ይቀላሉ፤ ውስጣቸውም ይደፈርሳል። ቈይቶም በከረጢቶቹ ስፍራ ጠጣር ሥጋ የመሰሉ፥ በመካከላቸው ትንሽ ቀዳዳ ያላቸው ጕብታዎች ይታያሉ። በሦስተኛው ቀን በማኅፀኑ ቧንቧዎችና በማኅፀኑ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ክብ እንቁላሎች ተገኙ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ ጽንሶቹ እያደጉ ሄዱ።

ደ ግራፍ ይህን ብቻ አይቶ አልተወም፤ ቈጠረ። በቀኙ ዕጢ ላይ ያሉትን ጕብታዎች ቈጥሮ በቀኙ ማኅፀን ካሉት ጽንሶች ጋር አስተያየ፤ በግራውም እንዲሁ አደረገ። ቍጥሩ ተስማማ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጕብታ አንድ እንቁላል ወጥቶ የሄደበት ስፍራ ምልክት መሆኑን ተረዳ። ፍሬዎቹ የሴት ቈለጥ ሳይሆኑ የእንቁላል ቤት መሆናቸው በዚህ ቍጥር ተረጋገጠ። በላምና በበግ ላይም ተመሳሳይ ነገር ተመለከተ። ይህን ሁሉ በ1672 የሴትን የመራቢያ ክፍሎች በሚመለከተው ታላቅ መጽሐፉ አሳተመው።

ይህ መጽሐፍ ስሕተት የሌለበት አልነበረም። በመጀመሪያ ደ ግራፍ በፈሳሽ የተመላውን ከረጢት በሙሉ እንቁላል አድርጎ አስቦት ነበር። ይሁን እንጂ በሦስተኛው ቀን በቧንቧው ውስጥ ያገኘው እንቁላል ከከረጢቱ በብዙ እጥፍ የሚያንስ ሆነበት። ለግምቱ የማይመች ይህን ነገር ግን አልደበቀውም፤ እንዳየው ጻፈው። በሁለተኛ ደረጃ፥ ጕብታዎቹ የሚገኙት ሴቲቱ ከወንድ ጋር ከተገናኘች በኋላ ብቻ ነው ሲል ደመደመ። ይህ በጥንቸል እውነት ሲሆን በሴትና በላም እውነት አይደለም። ምክንያቱ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ሆነ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

ክርክሩና ምስክርነቱ

መጽሐፉ የታተመበት 1672 ለሆላንድ የመከራ ዓመት ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ጦር ወደ አገሪቱ ገባ፤ እንግሊዝም በባሕር ዘመተችባት። ደ ግራፍ በዚያው ዓመት ትዳር ያዘ። መምህሩ ሲልቪዩስ በኅዳር ወር ገደማ ሞተ፤ ወንበሩም ባዶ ሆነ። ነገር ግን ደ ግራፍ ካቶሊክ ስለ ነበረ የላይደን ወንበር የእርሱ ሊሆን አልቻለም። ከጋብቻው አንድ ወንድ ልጅ ቢወለድለትም በሕፃንነቱ ሞተበት።

በዚህ ሁሉ ላይ የቀድሞው የትምህርት ጓደኛው ስዋመርዳም ተነሣበት። ስዋመርዳምም በዚያው ዓመት ስለ ማኅፀንና ስለ እንቁላል መጽሐፍ አወጣ፤ በውስጡም ግኝቱ አስቀድሞ የቫን ሆርነና የራሱ እንደ ነበረ፥ ደ ግራፍም የሰው ሥራ እንደ ወሰደ አድርጎ ከሰሰው። ቫን ሆርነ በ1670 ስለ ሞተ መመስከር አይችልም ነበር። በእርግጥም ቫን ሆርነ በ1668 ባወጣው አጭር ጽሑፍ የሴቲቱ ፍሬዎች እንቁላል እንደሚይዙ ገልጾ ነበር፤ ከእርሱም በፊት በ1667 ስቴኖ ይህንኑ አሳብ ጽፎ ነበር። ደ ግራፍ በ1673 የመከላከያ ጽሑፍ አሳትሞ ለሎንዶኑ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ማኅበሩ ጕዳዩን መርምሮ ቀዳሚነቱ የስቴኖ እንደ ሆነ ፈረደ።

ዛሬ ነገሩን በሰከነ ልብ ለሚመለከት ሰው የሁሉም ድርሻ ግልጽ ነው። ስቴኖና ቫን ሆርነ አሳቡን አስቀድመው አስበውታል፤ ደ ግራፍ ግን በተራ በተደረገ ምርመራና በቍጥር አጸናው። አሳብን ያሰበና አሳብን ያረጋገጠ ሁለቱም የሚገባቸው ክብር አላቸው። በጊዜው ግን በዚህ ዐይነት የተመለከተው አልነበረም፤ ክርክሩም ለሁለቱም ሐዘን እንጂ ጥቅም አላመጣም።

ደ ግራፍ በዚሁ በመከራው ጊዜ ያደረገው አንድ ሥራ ከመጽሐፉ የማያንስ ክብር ይገባዋል። በዴልፍት ከተማ አንቶኒ ቫን ሌዩቨንሁክ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበረ። ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የሊቃውንት ቋንቋ የነበረውን ላቲንም አያውቅም። ነገር ግን በገዛ እጁ በሞረዳቸው ትንንሽ ብርጭቆዎች በጊዜው ከነበሩት ማይክሮስኮፖች ሁሉ የሚበልጥ መሣሪያ ሠርቶ፥ ማንም ያላየውን ነገር ያይ ነበር። ደ ግራፍ በኤፕሪል ወር 1673 ለሮያል ሶሳይቲ ጸሓፊ ለሄንሪ ኦልደንቡርግ ደብዳቤ ጽፎ ይህን ነጋዴ አስተዋወቀው፤ ማኅበሩም ሥራውን እንዲመለከትለት አደረገ። ይህ ደብዳቤ የተላከው ሆላንድና እንግሊዝ በጦርነት ላይ ሳሉ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የራሱ ስም በክስ በተያዘበት ሰዓት የሌላውን ሰው ስም ለማስከበር መጻፍ ከትልቅ ልቡና የሚመነጭ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ አራት ወር እንኳ አልኖረም። ኦገስት 17 ቀን 1673 በ32 ዓመቱ ሞተ። ሌዩቨንሁክ ግን በተከፈተለት በር ገብቶ እስከሚሞትበት እስከ 1723 ድረስ ለ50 ዓመታት ያህል ለሎንዶኑ ማኅበር እየጻፈ ዓለምን አስደነቀ። የሚገርመው፥ በ1677 በማይክሮስኮፑ የወንድን ዘር ሕዋሳት ካየ በኋላ፥ የፍጥረት መጀመሪያ እነዚህ ናቸው ብሎ የደ ግራፍን የእንቁላል ትምህርት አጥብቆ ተቃወመ። ደ ግራፍ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ክርክሩ እንዴት ይሆን እንደ ነበረ ማንም ሊያውቅ አይችልም። በሩን የከፈተው ግን ያ ሰው ከእርሱ ጋር ይስማማ አይስማማ እንደ ሆነ ጠይቆ አልነበረም።

ቢጫው አካል ከደ ግራፍ በኋላ

ደ ግራፍ የቈጠራቸው ጕብታዎች በላም ላይ ሲታዩ ቢጫ ናቸው። ኢጣሊያዊው ማርቼሎ ማልፒጊም ቢጫ አካል የሚል ስም ሰጣቸው። እንቁላሉን ራሱን በከረጢቱ ውስጥ በዓይኑ ያየው ግን ካርል ኤርንስት ፎን ቤር ነው፤ ይህም የሆነው በ1827፥ ደ ግራፍ ከሞተ ከ154 ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የቧንቧው እንቁላል ከከረጢቱ ለምን እንዳነሰ ታወቀ፤ ከረጢቱ ቤት ሲሆን እንቁላሉ በውስጡ የሚኖር አንዲት ደቃቅ ሕዋስ ነውና።

ይሁን እንጂ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ባዶው ቤት ለምን ወደ ቢጫ ሥጋ ይለወጣል? እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ብዙዎች የቍስል ጠባሳ አድርገው ይገምቱት ነበር። በብሬስላው የሚኖረው ጉስታፍ ቦርን ግን ይህ አካል ጽንሱ በማኅፀን እንዲያዝ የሚያደርግ ነገር ወደ ደም የሚልክ ዕጢ ይሆናል ሲል ገመተ። በ1900 ከመሞቱ በፊት ለተማሪው ለሉድቪግ ፍሬንክል ጕዳዩን እንዲመረምር አደራ ሰጠው። ፍሬንክልም እንደ ደ ግራፍ ጥንቸሎችን ያዘ፤ ከወንድ ጋር ከተገናኙ በኋላ ባሉት ቀናት ቢጫዎቹን አካሎች ሲያጠፋባቸው እርግዝናው እንደሚቋረጥ በ1903 ባወጣው ሥራ አሳየ። በ1929 በአሜሪካ፥ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ፥ ጆርጅ ኮርነርና ዊላርድ አለን ከአሳማ ቢጫ አካል ያወጡትን ቅመም እንቁላል ዕጢዋ ለወጣባት ጥንቸል በመርፌ ሲሰጡ እርግዝናዋን ለመጠበቅ ቻሉ። በ1934 ንጹሑ ሆርሞን ተለይቶ ታወቀ፤ በ1935ም ፕሮጄስትሮን ተብሎ ተሰየመ። ትርጕሙም ስለ እርግዝና የቆመ ማለት ነው።

ይህ ሆርሞን እንዴትና በማን ትእዛዝ እንደሚሠራ መረዳት የደ ግራፍን ምርመራ ከፍጻሜ ያደርሳል። ፕሮጄስትሮን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ኮሌስትሮል በደም ተጭኖ ወደ ሕዋሱ ይመጣል፤ ከዚያም ስታር የተባለ ፕሮቲን ተቀብሎ ሚቶኮንድሪያ በምትባለው የሕዋሱ ክፍል ውስጥ ያገባዋል። በዚያ አንድ ኢንዛይም ጫፉን ቈርጦ ፕሬግኔኖሎን ያደርገዋል፤ ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ፕሬግኔኖሎኑን ወደ ፕሮጄስትሮን ይለውጠዋል። ከዚህ ሁሉ ሥራውን የሚገታው ጠባቡ በር ኮሌስትሮሉ ወደ ሚቶኮንድሪያ የሚገባበት ነው።

ዋናው ትእዛዝ የሚመጣው ከአንጎል በታች ከምትገኘው፥ የአተር ፍሬ ከምታህለው ከፒቱታሪ ዕጢ ነው። ይህች ዕጢ ኤፍ ኤስ ኤች በሚባለው ሆርሞን ከረጢቱን ታሳድጋለች፤ ከረጢቱ በበሰለ ጊዜ ደግሞ ኤል ኤች የሚባለውን ሆርሞን በድንገት አብዝታ ትልካለች። በዚህ ጊዜ ከረጢቱ ይፈነዳል፤ እንቁላሉ ይወጣል፤ የቀሩትም ሕዋሳት መልካቸውን ለውጠው ቢጫ አካል ይሆናሉ። ከዚያም ኤል ኤች በየጊዜው እየመጣ የስታርን ሥራ ስለሚያበረታ ፕሮጄስትሮን ይመረታል። በሴት ላይ ከአንድ ሳንቲም የማይሰፋው ይህ አካል በቀን እስከ 40 ሚሊግራም ፕሮጄስትሮን ሊያወጣ ይችላል።

ነገር ግን የበላይ ትእዛዝ ብቻውን ሁሉን አይፈጽምም። ከእንቁላሉ መውጣት በፊት በከረጢቱ ውስጠኛ ግድግዳ ያሉት ሕዋሳት ብዙ ፕሮጄስትሮን የማይሠሩት በስፍራው ባሉ ምክንያቶች ነው። አንደኛ፥ የደም ሥር ወደ እነርሱ አይደርስም፤ ስለዚህ ኮሌስትሮል አያገኙም። ሁለተኛ፥ እንቁላሉ ራሱ በዙሪያው ያሉትን ሕዋሳት የሚገቱ ፕሮቲኖችን ያመነጫል። በ1970 በጥንቸሎች ላይ በተደረገ ምርመራ እንቁላሉ ከከረጢቱ በጥበብ ሲወጣ፥ የቀሩት ሕዋሳት ያለ ጊዜያቸው ወደ ቢጫ አካል ለመለወጥ ጀመሩ። እንቁላሉ በቤቱ ሳለ የቤቱን ሥርዓት ይጠብቃል ማለት ነው። ከረጢቱ ከፈነዳ በኋላ ግን በዚያው በስፍራው የሚመነጭ የደም ሥር አብቃይ ፕሮቲን አዳዲስ የደም ሥሮችን ይጠራል፤ ኢንሱሊን መሰል የዕድገት ፕሮቲንም የኤል ኤችን ኀይል ያጠነክራል።

ማብቂያውም እንደ መጀመሪያው በሥርዓት ነው። ላምና በግ ካልጸነሱ ማኅፀናቸው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር ይልካል፤ ይህም ከማኅፀኑ ደም መላሽ ሥር በአጠገቡ ወዳለው የዕጢው ደም ቅዳ ሥር ተሻግሮ ቢጫውን አካል ያፈርሰዋል። በሴት ላይ ቢጫው አካል ጽንስ ካልተገኘ 14 ቀን ያህል ቈይቶ ይከስማል፤ በዚህ ግን የዕጢው የራሱ ፕሮስታግላንዲን እንጂ ማኅፀኑ ድርሻ ያለው አይመስልም። ጽንስ በተገኘ ጊዜ ጽንሱ ራሱ ኤች ሲ ጂ የሚባል ሆርሞን ልኮ ቢጫው አካል እንዳይፈርስ ያደርጋል፤ ከሁለት ወር ገደማ በኋላም የእንግዴ ልጅ ሥራውን ይረከባል። ትምህርት ቤትን የሚያውቅ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። ከበላይ መሥሪያ ቤት የሚወርደው ትእዛዝ አንድ ሲሆን፥ ፍሬው የሚለካው በየክፍሉ ባለው መምህርና በእጁ ባለው መሣሪያ ነው።

አሁን ወደ ደ ግራፍ ሁለተኛ ስሕተት መመለስ ይቻላል። በሴትና በላም ፒቱታሪ ዕጢ ኤል ኤችን አብዝታ የምትልከው በራሷ ጊዜ ዙር ነው፤ ስለዚህ ወንድ ቢኖርም ባይኖርም ቢጫ አካል ይገኛል። በጥንቸል ግን ይህን ትእዛዝ የሚያስነሣው ከወንድ ጋር መገናኘቷ ነው፤ ከ10 ሰዓት ያህል በኋላም እንቁላሉ ይወጣል። እንግዲህ ደ ግራፍ በጥንቸሎቹ ላይ ያየው ነገር ፍጹም እውነት ነበረ፤ ስሕተቱ ከጥንቸል ወደ ፍጥረት ሁሉ መሻገሩ ላይ ነው። ደግሞም ሰዓቱን በትክክል ለማወቅ ያስቻለው የጥንቸል ጠባይ ራሱ ለስሕተቱ ምክንያት ሆነ።

የሬይኒየር ደ ግራፍ ሕይወት በአጭሩ ይህን ይመስላል። ሆርሞን የሚባል ነገር መኖሩን አላወቀም፤ ቃሉም ራሱ የተፈጠረው በ1905 ነው። የቈጠረው ጕብታ እርግዝናን የሚጠብቅ ዕጢ መሆኑን ሳያውቅ ሞተ። ነገር ግን ያየውን ለግምቱ ሲመቸውም ሳይመቸውም ጽፎ ስለ ተወው፥ ከእርሱ በኋላ የመጡት ከሥራው ላይ ለመቀጠል ቻሉ። በሥራው ከፍ ያለ ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ ሙሉ ዕድሜም አልተሰጠውም። መምህርም እንደዚሁ የዘራውን ሁሉ በዘመኑ አያጭድም። በክፍሉ ጥግ ተቀምጦ በገዛ እጁ አንድ ነገር የሚሠራውን፥ ላቲን የማያውቀውን ልጅ አይቶ ለሚችሉት ሰዎች ማስታወቅ፥ ተማሪው ያየውን እንዳየው እንዲጽፍ ማስተማር፥ ፍሬውንም ለኋለኛው ዘመን መተው ከዴልፍቱ ሐኪም የሚወረስ ሥራ ነው።